ያልተጨበጨበለት ምዕራፍ

"ቱቦው ወደብ ደርሷል አሉ" አለ አጎቷ፣ ገና የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር።

አጣቢዋ የተተኮሱትን አንሶላዎች እያጠፈች በትልቅ ላስቲክ ውስጥ ትከት ነበር። ቀና ብላም አላየችው።

"ማን ነው ያለው?"

"ሰዎች።"

"ሰዎቹ ስም የላቸውም?"

"የታመኑ ሰዎች ናቸው። ስም ማንሣት አያስፈልግም።"

"አጎቴ፣ ይህ ቱቦ ወደብ የደረሰው እኔ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት ስመላለስ ነው። እስካሁን እዚያ ምን ይሠራል? ባሕር ይታጠባል?"

"ሳቂ፣ ሳቂ። ሲመጣ እንተያያለን።"

አጎቷ በጉልበቱ ዘመን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከወደብ ዕቃ እየጫነ ስንት ዳገትና ቁልቁለት የፈጀ ሰው ነው። መሪውን ከተወ ወዲህ የቀረው ሀብት የድሮ ጓደኞቹና የጓደኞቹ ወሬ ብቻ ነው። ከተማው ለታችኛው ሰፈር የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ሊዘረጋ ነው ከተባለ ጀምሮ ይህችን አንድ ዜና ሲያነሣትና ሲጥላት ይኖራል። ሰፈሩም "ጋሽ ወደብ" ብሎ ስም አወጣለት። እሱ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ሲጠሩት ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

እሷንም ቢሆን በስሟ የሚጠራት የለም። "ምላጭ" ነው የሚሏት። ለምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ አንድ ጊዜ ዋጋ ቀንሺልኝ ብሏት ይሞክር።

የልብስ ማጠቢያ ቤቷ ያለው ዳገቱ አልቆ መሬቱ እንደ ሳህን በሚጎደጉድበት፣ በመንገዱ ጫፍ ላይ ነው። ላይ የጣለ ዝናብ ሁሉ አድራሻዋን ያውቃል። አምና ክረምት ዕቃ አድርሳ ስትመለስ ውሃው በሩን በርግዶ ገብቶ፣ አጎቷን መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ጫማውን በደረቱ አቅፎ ተቀምጦ አገኘችው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ "አይዞሽ፣ ቱቦው እየመጣ ነው" አላት። በጀርባዋ አዝላ ነው ያወጣችው። ለካ ሽማግሌ ከእርጥብ አንሶላ ይቀላል፤ እሱን ስታውቅ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹም የሱ አልጋም ጡብ ላይ ተሰቀሉ። አልጋው በጣም ከፍ ስላለ ጋሽ ወደብ ሊተኛ ሲል በወንበር ነው የሚወጣው። እሷ ስትስቅበት "ፎቅ ቤት አለኝ" ይላል።

ዘንድሮ ግን ጡብም አያድን። ከተማው ለሥራው የሚበደረው ገንዘብ ገና ሳይጸድቅ በላይኛው ሰፈር ትልቅ ቦይ መቆፈር ጀምሯል። ከሆቴሉ፣ ከባንኮቹና ከፎቆቹ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ ቁልቁል የሚያመጣ ቦይ ነው። የሚያልቀው ሁለቱ ሰፈሮች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ከዚያ በታች ውሃውን የሚቀበል ነገር የለም። ያለችው እሷ ናት።

ላስቲኩን አስራ ሳትጨርስ ደጅ ላይ መኪና ጭነቱን ሲገለብጥ ሰማች። ወጣች። ድንጋይ፣ አሸዋና ሲሚንቶ በሯ ላይ ተከምሯል። ከክምሩ አጠገብ አንድ ግንበኛ የሲሚንቶ ማንኪያውን ይዞ ቆሟል። ከግንበኛው አጠገብ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር። ከአጣቢዋ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነው፤ ያኔም የክፍል አለቃ ነበር፤ ያኔም የሚያስቸግር ልጅ ስም እየጻፈ ለአስተማሪ ይሰጥ ነበር።

"ምላጭዬ፣ እንዴት አደርሽ?"

"ድንጋዩ የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ! ከመጠባበቂያ በጀት አስፈቅጄልሽ ነው። በርሽ ላይ ወገብ ድረስ ግንብ እናቆማለን። ክረምቱ ቢመጣ ባይመጣ ምን ቸገረሽ።"

"እንዴት ያለ ቸርነት ነው። ስብሰባው ዛሬ መሆኑን ረስቼው ነበር፣ አስታወስከኝ።"

ሊቀመንበሩ ሳቅ ለማለት ሞከረና ተወው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ፣ እንደ እህቴ ነው የምነግርሽ። ዛሬ የሚመጡት የፋይናንስ ኃላፊዋና ኢንጂነሩ ናቸው። የብድሩ ፋይል የእኛን ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ትናንት ቤት ለቤት እየዞርሽ አታጨብጭቡ ስትዪ እንደዋልሽ ሰምቻለሁ። ለሽማግሌው አስቢ። ግንቡ አጎትሽን ያድናል።"

"ግንቡ የመለሰው ውሃ ወዴት ይሄዳል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ውሃ አይደል፣ መንገዱን ይፈልጋል።"

አጣቢዋ ወደ ግራ አየች። አጠገቧ ያለው ቤት የሕፃናት ማቆያ ነው። ሞግዚቷ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ትንንሽ ጫማዎችን በሰልፍ ትደረድራለች። በሯ ከመንገዱ እኩል ነው፤ ደፍ እንኳ የለውም፣ ልጆቹ እንዳይደናቀፉ ብላ ያስነቀለችው ራሷ ናት።

"መንገዱን አገኘው" አለች አጣቢዋ።

"ምላጭ፣ እባክሽ..."

"ዕቃ ማድረስ አለብኝ።" ላስቲኩን ትከሻዋ ላይ ጣለችና ዳገቱን ተያያዘችው። እምቢም እሺም አላለችም። እውነቱን ለመናገር ልቧ ከሁለት ተከፍሎ ነበር። እስከ ዳገቱ ግማሽ ድረስ የአጎቷ ሰማያዊ ከንፈር ከፊቷ አልጠፋም።

ቦዩ የሚያልቅበት ጥግ ላይ ቆም አለች። አፉ እንደሚያዛጋ ሰው ተከፍቶ ቁልቁል ወደ ሰፈሯ ያያል። በዚያ በኩል ሆቴሉ ነው፤ አንሶላው የሚታጠበው እሷ ዘንድ ነው። በሩ ግራና ቀኝ ወፋፍራም፣ ክብ የሲሚንቶ ማስቀመጫዎች ውስጥ ቀይ አበባ ተተክሏል። ዘወትር እንደምታደርገው ሸክሟን አንዱ ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"እዚያ ላይ አይቀመጥም፣ እመቤት" አላት ዘበኛው።

"አንሶላው ነው የተቀመጠው፤ እኔ ቆሜያለሁ። አንሶላው ደግሞ የናንተው ነው።"

ዘበኛው ፈገግ ብሎ የኋላውን በር ከፈተላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ በሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ጣፋጭ ንግግር አደረገ። "የታችኛው ሰፈር አይረሳም" አለ፤ ስለ እናቶች ተናገረ፤ ስለ ነገው ትውልድ ተናገረ። ሰፈሩ የጨዋ ሰፈር ነው፤ እንግዳ ተናግሮ ሲቀመጥ ይጨበጨብለታል። አጨበጨቡ፣ እሷም ጭምር። ውሃው ቤቷን ካጠበው በኋላ አቤት ልትል ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ቃለ ጉባኤውን አውጥተው አነበቡላት። "ምዕራፍ አንድ ላይኛው ሰፈር፣ ምዕራፍ ሁለት መካከለኛው፣ ምዕራፍ ሦስት ታችኛው ሰፈር፣ የገንዘብ ምንጭ ሲገኝ የሚሠራ። ቅደም ተከተሉ በከፍተኛ ጭብጨባ ጸድቋል።" ለካስ ያን ዕለት ለሰውየው ጨዋነት ያጨበጨቡ መስሏቸው ለገዛ ጎርፋቸው ነበር ያጨበጨቡት።

ዘንድሮ ደግሞ ለብድሩ አጨብጭቡ ሊባሉ ነው፤ ስለዚህ ትናንት ሙሉ ቀን በር ስታንኳኳ ዋለች። "ነገ ስድባችሁን አልፈልግም፣ ጩኸታችሁንም አልፈልግም። እጃችሁን ብቻ ያዙልኝ" አለቻቸው። ሁሉም እሺ አሏት። አንድ ሰው ብቻ እሺ አላለም፤ እሱም ከሷው ጋር ነው የሚኖረው።

"እንግዳ ሳይጨበጨብለት አይሸኝም" ነበር ያላት ጋሽ ወደብ። ጭብጨባ ሱሱ ነው። ለሬዲዮ ያጨበጭባል፣ ድክ ድክ ለሚል ሕፃን ያጨበጭባል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጨርሶ ሲቆም እንኳ ያጨበጭባል። አንድ ሰው ከጀመረ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ይከተላል። ሽማግሌን እጁን ይዞ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በየወንበሩ ላይ ብስኩትና የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። አጣቢዋ ውሃውን አንሥታ ከወንበሯ ሥር አኖረችው፤ ውሃ በነጻ ሲሰጧት አትወድም። አጎቷ ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ አጠገቧ ተቀምጧል። ሞግዚቷ ከኋላቸው ናት።

ግድግዳው ላይ የከተማው ካርታ ተሰቅሏል። ላይኛው ሰፈር አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ ነው። የነሱ ሰፈር ነጭ ነው፣ ቀለም ያለቀበት ይመስል።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ተነሣች። ዘነጥ ያለች፣ ነገሯን የምታውቅ ሴት ናት፤ እንዳምናው ሰውዬ ስለ እናቶች አላወራችም። አጣቢዋ ሳትወድ አከበረቻት።

"ግልጹን ልንገራችሁ" አለች ኃላፊዋ። "የዚህ ዓይነት ሥራ ከአንድ ዓመት በጀት አይወጣም። ከተማው ተበድሮ ነው የሚሠራው፤ የሚከፍሉት ልጆቻችን ናቸው። አበዳሪ ደግሞ ተስፋ አይቀበልም፤ 'ከየት አምጥታችሁ ነው የምትመልሱት?' ይላል። ላይኛው ሰፈር ፎቅ አለ፣ ሆቴል አለ። መውረጃ ሲገባለት የቦታው ዋጋ ይጨምራል፤ ከጭማሪው ላይ ለከተማው ይከፍላል። ዕዳው በዚያ ይመለሳል። የተረፈው ለምዕራፍ ሁለት ይውላል። ከዚያ ወደ እናንተ ይመጣል።"

አጣቢዋ እጇን አወጣች። ሊቀመንበሩ ወደ ጣሪያው አየ። ኃላፊዋ ግን "እሺ እህቴ" አለቻት።

"ገንዘቡ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እያሉን ነው?"

"በትክክል።"

"ውሃውስ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ።

"ውሃውም ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው" አለች አጣቢዋ። "ልዩነቱ፣ ውሃው ዘንድሮ ይደርሳል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ "ሥርዓት! ሥርዓት!" እያለ ጠረጴዛውን መታ። ኃላፊዋ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ወደ ኢንጂነሩ ዞር አለች።

ኢንጂነሩ ጎልማሳ ነው። ሰዓቱን ጠዋት የተሳሳተ እጁ ላይ ያሰረው ይመስል አንጓውን ያሻል። "የላይኛው ውሃ ለጊዜው ወደ ተፈጥሯዊ መፍሰሻው ይለቀቃል" አለ።

"ኢንጂነር፣ ተፈጥሯዊ መፍሰሻ የሚሉት የአጎቴ መኝታ ክፍል ነው። አጎቴ ይኸውና፤ ይጠይቁት።"

ጋሽ ወደብ ስሙ ሲነሣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ኢንጂነሩ ቀላ። "ይገባኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ማንም የሙያው ሰው ቢሆን ከታች ነበር የሚጀምረው። ከታች ቢጀመር ግን ብድሩን የሚመልስ አካል የለም። እኔ ንድፉን ነው የምሥለው፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ገንዘቡ ነው።"

"እኛ ለገንዘቡ ጠላት አይደለንም" አለች አጣቢዋ። " ከታች ይጀመር ተብሎ ይጻፍ፤ ላይኞቹ ሲጠቀሙ ይክፈሉ፤ ከተማውም ልዩነቱን ይቻል። ከተማ ማለት መቻል አይደለም እንዴ? ራሱን ለሚችለውማ ከተማ ምን ያደርግለታል?"

"እሱን ለመቀየር ፋይሉ እንደ አዲስ ይከፈታል" አለች ኃላፊዋ። "አበዳሪው ይጠብቃል አይጠብቅም እኔ ዋስ አልሆንም። ካላጸደቃችሁት ማንም ምንም አያገኝም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ።"

"እኛማ 'ምንም'ን እናውቀዋለን፤ አብሮን ነው ያደገው። ሌላውም ይተዋወቀው።"

አጣቢዋ እንዲህ ያለችው ሳትፈራ ቀርታ አይደለም። ኃላፊዋ ያለችው እውነት ሊሆን ይችላል። ብድሩ ቢቀር፣ ላይኛውም ታችኛውም ባዶ እጁን ቢቀር፣ ጣታቸውን የሚቀስሩት እሷ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ጋሽ ወደብ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። አጣቢዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ልጄ" አላት ኃላፊዋን፣ "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቱቦው ወደብ ደርሷል ወይ?"

አሁን ማንም አልሳቀም። ሁልጊዜ ይስቁበት የነበረው ሰፈር መልሱን ለመስማት ጆሮውን ቀጥ አደረገ።

"የምን ቱቦ አባባ?"

"የኛ ቱቦ። ለታችኛው ሰፈር የተገዛው።"

ኃላፊዋ ወረቀቶቿን አላገላበጠችም፤ በቃሏ ነው የምታውቀው። "አባባ፣ ማን እንዳታለለዎት አላውቅም። ለታችኛው ሰፈር የተገዛ አንድም ቱቦ የለም። ወደብም የለም፣ መንገድም ላይ የለም። ኖሮም አያውቅም።"

ኢንጂነሩ አፉን ከፈተ፣ ኃላፊዋን አየና መልሶ ገጠመው።

"አመሰግናለሁ" አለ ጋሽ ወደብ፤ ተቀመጠ። አጣቢዋ ልታየው አልደፈረችም። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ያነሰባት መሰላት፤ ኮቱ ብቻውን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ያህል።

ሊቀመንበሩ ጊዜው ይኸው ነው ብሎ ብድግ አለ። "እንግዲህ ሁሉም ተብራርቷል። እንግዶቻችን ሥራ አላቸው። የቀረበውን ሐሳብ እንደ ልማዳችን በጭብጨባ እናጽድቀው!" ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ።

ጧ። ጧ። ጧ።

ብቻውን ነው። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ወደ ራሱ ተመለሰ። በመጀመሪያው ረድፍ አንዷ ሴትዮ እጇን በሻርፗ ጠቀለለች። አናጢው ክንዱን አጥፎ ቁጭ አለ። ብስኩት የሚያኝክ አንድ ሰው ማኘኩን አቆመ፣ እሱም እንዳይቆጠርበት ፈርቶ ይሆናል።

"ምነው? እጃችሁን ምን ነካው?" አለ ሊቀመንበሩ እያጨበጨበ።

"ካምናው ጎርፍ ገና አልደረቀም!" አለች ሞግዚቷ ከኋላ።

አጣቢዋ ግን ዓይኗ የአጎቷ እጆች ላይ ነበር። ጉልበቱ ላይ ተጋድመዋል። ትልልቅ፣ መሪ የጠመዘዙ እጆች። ሊቀመንበሩ ባጨበጨበ ቁጥር ጣቶቹ ደንገጥ ይላሉ፤ ልማድ ነው። አንዴ መዳፎቹ ከጉልበቱ ተነሡ። "በቃ፣ አለቀልኝ" አለች በሆዷ። ጋሽ ወደብ እጆቹን ከፍ አድርጎ አያቸውና ቀስ ብሎ ጭኑ ሥር ከተታቸው፤ ላያቸው ላይ ተቀመጠባቸው።

ሊቀመንበሩ በመጨረሻ ማጨብጨቡን ተወ። መዳፎቹ እንደተጣበቁ ቀሩ። ኃላፊዋ ወረቀቷን ሰበሰበች። ስትወጣ አጣቢዋ አጠገብ ስትደርስ ገታ አለች።

"ምን እንደማደርግበት አላውቅም" አለቻት፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ጸጥታ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ጽፌ አላውቅም።"

"ጸጥታ ነበር ብለው ይጻፉታ። ውሸት አይሆንብዎትም።"

ሲወጡ ሰማዩ ከላይኛው ሰፈር በኩል ጠቁሮ ነበር። ነፋሱ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። ሕዝቡ ተበትኖ ወደየቤቱ መግባት ሲገባው የአጣቢዋን እግር ተከትሎ ወረደ፤ ያልተጨበጨበበት እጅ ሥራ ፈልጎ ነው መሰል።

ግንበኛው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። "ከየት ልጀምርልሽ እቴ? ከበሩ ነው ከመስኮቱ?"

አጣቢዋ ክምሩን አየች። ወገብ ድረስ ግንብ። አጎቷ ዘንድሮ ደረቅ አልጋ ላይ ይተኛል። ሞግዚቷ ወደ ቤቷ ልትገባ ስትል የድንጋዩን ክምር፣ ከዚያም የራሷን በር አየች። ጎንበስ ብላ ትንንሾቹን ጫማዎች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ማስገባት ጀመረች። ግንቡ የሚመልሰው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። ይህ ነው አጣቢዋን የወጋት።

"ምን ተብለህ ነው የመጣኸው?" አለችው ግንበኛውን።

"ውሃ የሚያግድ ግንብ ሥራ ተብዬ።"

"የት ነው የተባልከው?"

"እዚህ... በርሽ ላይ።"

"ውሃ የሚታገደው ከሚመጣበት ነው። ተነሥ።"

የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሷ አነሣች፤ አንሶላ በለመደ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። ዞር ብላ ማን እንደተከተላት አላየችም። ኩራቷ አይፈቅድላትም። ጥጉ ላይ ስትደርስ ግን ከኋላዋ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማች። አናጢው ጋሪ አምጥቷል፤ ሞግዚቷ አሸዋ በሕፃን ማጠቢያ ሳፋ ተሸክማለች። ከሁሉ ኋላ ጋሽ ወደብ አንዲት ድንጋይ ሆዱ ላይ አቅፎ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እያለከለከ ይመጣል።

"አጎቴ፣ ተው፣ ወገብህ!"

"ወገቤ ከወሬዬ ይሻላል" አላት። ስለ ወደብ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይህን ያህል ሰዓት የቆየበትን ቀን ልታስታውስ አልቻለችም።

የቦዩን አፍ መድፈን ያዙ። ግንበኛው ሲሚንቶውን እየለወሰ "እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው፣ ውሃ ማገድ ነው የታዘዝኩት" ይላል ለሚሰማውም ለማይሰማውም። ሊቀመንበሩ መጥቶ "ይህ የመንግሥት ንብረት ነው!" ብሎ ጮኸ። "ድንጋዩም የመንግሥት ነው፣ ተዋወቁ" አለችው አጣቢዋ። ሄደ፤ ስልክ እየደወለ ሄደ።

የመጣው ኢንጂነሩ ነው። ከመኪናው ወርዶ፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ግንቡን አየ። ጉልበት አልፏል።

"ይህን ብትዘጉት ውሃው ተመልሶ ዋናው መንገድ ላይ ነው የሚተኛው" አለ። "ሆቴሉ በር ላይ። ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ድረስ።"

"እናውቃለን" አለች አጣቢዋ። "እዚያ ከተኛ የገንዘብ ምንጭ ይገኝለታል።"

ኢንጂነሩ አንጓውን አሸ። ሊቆጣ የመጣ ሰው አይመስልም። ወደ ጋሽ ወደብ ሄዶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ሽማግሌው በድንጋዮቹ መሐል የቀረውን ቀዳዳ በጠጠር ይወትፋል።

"አባባ፣ ስብሰባው ላይ መናገር ነበረብኝ።"

"ምኑን ልጄ?"

"ቱቦው ወደብ ደርሶ ነበር።"

የጋሽ ወደብ እጅ ቆመ። አጣቢዋም ከግንበኛው የተዋሰችውን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች።

"ኃላፊዋ አልዋሸችም፤ አታውቅም። በፊተኛው ብድር ነው የተገዛው፣ ከሷ በፊት። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ሆኜ የተረከብኩት እሱን ነው። ልኩ የታችኛው ሰፈር ነው፣ በስማችሁ ነው የመጣው። ብድሩ ለመግዣ እንጂ ለመዘርጊያ አልነበረም፤ መዘርጊያው ሳይገኝ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ ፋይሉም አብሮ። ግቢያችን ውስጥ ሣር ወጣበት።"

"አሁን የት አለ?" አለ ጋሽ ወደብ። ድምፁ ውስጥ የጠዋቱ ሰው ለአንድ አፍታ ብቅ አለ።

ኢንጂነሩ በአገጩ ወደ ሆቴሉ በር አመለከተ። "አምና፣ ከክረምቱ በኋላ፣ ቦታ ያዘብን ተብሎ በጨረታ ተሸጠ። አጭር አጭር አድርገው ቆረጡት። እነዚያ አበባ የተተከለባቸው እሱ ነው።"

ሁሉም ዞር ብለው አዩ። ወፍራም፣ ክብ፣ ግራጫ ሲሚንቶ፤ በላዩ ቀይ አበባ። አጣቢዋ ስንት ጠዋት ሸክሟን ያሳረፈችበት።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የግንቡን ጫፍ መቱት። ጋሽ ወደብ አበባዎቹን ትንሽ አያቸው፤ ከዚያ ጎኑ ወዳለው ቀዳዳ ተመለሰና መዳፉን ወደ ኢንጂነሩ ዘረጋ።

"ያንን ጠፍጣፋውን አቀብለኝ" አለው። "እዚህ ጋ ገና ክፍት ነው።"